ሐሳቤን ልመለከት ተቀምጬ ዘበኛው ሆኜ ቀረሁ

ገንዘብ ያዧ (ጥያቄ)

እንደምን ሰነበታችሁ። ነገሬ ረዘም ይላል፤ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው። በአንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘብ ያዥ ሆኜ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት ሰኔ 30 ሒሳብ ስንዘጋ 4,300 ብር ጎደለብኝ። ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ፤ ተቆጣጣሪው መጥቶ አራተኛ ቆጠረ፤ ያው ነው። ለአንድ አባል ደርቤ ከፍዬ ይሆናል ብዬ ነው የማምነው፤ ለማን እንደሆነ ግን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከደመወዜ በአራት ወር ተቆርጦ ተተካ። ሥራዬን አላጣሁም፣ ክፉ ቃል የተናገረኝም የለም። በማኅበሩ በኩል ነገሩ ያኔ አልቋል። በእኔ በኩል ነው ያላለቀው።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማንም ሳይቀሰቅሰኝ እነቃለሁ። ወዲያው «የዛሬው ጎድሏል» የሚል ነገር አለ። ድምፅ አይደለም፤ ሐሳብ መሆኑን አውቃለሁ። እርግጠኝነቱ ግን ሰው አጠገቤ ተቀምጦ የነገረኝ ያህል ነው። ማታ ከመውጣቴ በፊት የቆጠራውን ወረቀት ፎቶ አንስቼ እይዛለሁና ስልኬን አብርቼ እሱን አያለሁ። ባለ ሁለት መቶው ይህን ያህል፣ ባለ መቶው ይህን ያህል። ልክ ነው። እተኛለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደግሞ «ወረቀቱ ላይ ስትጽፊ ተሳስተሽ ቢሆንስ?» ይመጣል። እንዲህ እየተባባልን ዶሮ ይጮኻል።

አዲስ አበባ ያለች የአክስቴ ልጅ በሐምሌ አንድ የድምፅ ቅጂ ላከችልኝ። ማይንድፉልነስ ይሉታል፤ እኔ ቀልብ መሰብሰብ ብዬዋለሁ። ዓይንሽን ጨፍኚ፣ ትንፋሽሽን ተከተዪ፣ ሐሳብ ሲመጣ እንደ ደመና ሲያልፍ ተመልከቺው ይላል። ይህን የቀዳው ሰው ሐምሌን ደብረ ብርሃን አላሳለፈም። የእኛ ደመና መቼ ያልፋል? ሐምሌ አንድ ቀን ጣራችን ላይ ይቀመጥና እስከ ነሐሴ መጨረሻ አይነሳም።

ቀልዱን ትቼ፣ መጀመሪያ ረድቶኝ ነበር። ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ባና ተከናንቤ በርጩማ ላይ እቀመጣለሁ። አሁን በኅዳር ብርዱ ስለበረታ ትንፋሼ ቤት ውስጥ እንደ ጭስ ይታያል፤ ትንፋሽሽን ተመልከቺ የሚለውን በዓይኔ ነው የምፈጽመው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት ሌሊት የምነሳው ቀንሶልኝ ነበር። ከዚያ ነገሩ ተገለበጠ። ቁጭ ባልኩ ቁጥር «መጣ? አልመጣም? ሄደ?» እያልኩ መጠበቅ ጀመርኩ። ካልመጣም ሄጄ እፈልገዋለሁ፤ የተደበቀ ይመስለኛል። ተመልካች መሆን ነበረብኝ፣ ዘበኛ ሆኜ ቁጭ አልኩ።

ጥያቄዬ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የት ላይ ነው የተሳሳትኩት? ሁለተኛው ይበልጥ ያስጨንቀኛል። «ሐሳብሽ አንቺ አይደለሽም፣ እውነትም አይደለም፣ ልቀቂው» ይላሉ። የእኔ ሐሳብ ግን አንድ ቀን እውነት ነበር። ገንዘቡ በእርግጥ ጎድሎ ያውቃል። እውነት ሊሆን የሚችልን ሐሳብ እንዴት ነው ዝም ብዬ የምመለከተው?

ምእመን

እህቴ፣ ይህ ነገር ከቡድሃ እምነት የመጣ መሆኑን ታውቂያለሽ? ጸሎት እያለሽ፣ ጠበሉም ቅርብሽ ሆኖ ሳለ፣ ትንፋሽ መቁጠር ምን ያደርግልሻል? ጻድቃኔ ማርያም ሂጂ፤ ሰባት ቀን ተጠመቂ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሰው በሰው አገር መድኃኒት ሲንከራተት ስለማይ ነው።

የቆሎ ተማሪ የነበርኩ

ወንድሜ፣ ያልከው እውነት ነው፤ ሥሩ የቡድሃ ትምህርት ነው። ነገር ግን ሐሳብን ልብ ማለት የእነርሱ ብቻ ርስት አይደለም። ልጅ ሆኜ የኔታ የነገሩን አንድ ታሪክ አለ። አንድ ወጣት መነኩሴ በግብፅ በረሃ ወደሚኖሩ አባት ሄዶ «ብዙ ሐሳብ ይመጣብኛል፣ ጠፋሁ» አላቸው። እጁን ይዘው ወደ ውጭ አወጡትና «ልብስህን ዘርግተህ ነፋሱን ያዝ» አሉት። «አባቴ፣ አልችልም» አለ። «እንግዲያው ሐሳብም እንዳይመጣ መከልከል አትችልም፤ የአንተ ድርሻ አለመከተል ነው» አሉት። በደብረ ብርሃን ነፋስ ያደገ ሰው ይህ ሁለት ጊዜ አይነገረውም።

እህታችን ጸሎቷን አልተወች፤ ጠበሉንም የከለከላት የለም። የጠየቀችው ሌላ ነው። መልሱ ያላችሁ መልሱላት።

የመሐል ሜዳ ነርስ

እህቴ፣ የአእምሮ ጤና ነርስ ነኝ። ያንቺን ዓይነት ሰው በየሳምንቱ አያለሁና መጀመሪያ ስለ ዘበኝነቱ ልናገር።

በ1987 በፈረንጅ አቆጣጠር ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ተማሪዎችን ለአምስት ደቂቃ ስለ ነጭ ድብ እንዳያስቡ አዘዛቸው፤ ድቡ ትዝ ካላቸው ደወል እንዲመቱ። ደወሉ በየደቂቃው ከአንድ ጊዜ በላይ ይጮኽ ነበር። የባሰው ከዚያ በኋላ ነው። «አሁን ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ ቀድሞ ካልተከለከሉት ይልቅ አብዝተው አሰቡት። ድብ ስለሌለን አንቺ በጓሳ ጭላዳ ሞክሪው፤ ያ ደረቱ ቀይ የሆነው እስከ ማታ አብሮሽ ይውላል። ዌግነር በኋላ የሰጠው ማብራሪያ ያንቺን ቃል ይመስላል፦ አንድ ሐሳብ እንዳይመጣ ለመጠበቅ ከአእምሮ አንዱ ወገን ያንኑ ሐሳብ ይዞ በር ላይ መቆም አለበት። ዘበኛዋ ናት እንግዳውን አስገብታ የምታሳድረው።

ስህተትሽ እዚህ ላይ ይመስለኛል። የተቀመጥሽው ለመመልከት ሳይሆን ለማባረር ነው። ይህን ቀልብ መሰብሰብ ወደ ሕክምና ያስገባው አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን በ1979 በፈረንጅ አቆጣጠር በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት ቤት ሥልጠናውን ሲጀምር የተቀበላቸው ሕሙማን ሕክምናው ያላሻላቸው፣ ሕመማቸው የቆየባቸው ነበሩ። ሕመሙን እነቅልላችኋለሁ አላላቸውም። ከሕመሙ ጋር እየዋሉ፣ በላዩ የሚከመረውን «መቼ ነው የሚለቀኝ?» የሚል ሌላ ሸክም እንዲያዩት ነው ያሠለጠናቸው። አንቺም ሁለት ሸክም አለብሽ፤ አንዱ ሐሳቡ፣ ሌላው ጥበቃው።

አማርኛችን በዚህ ነገር ግማሹን ሥራ ሠርቶልናል። «ሐሳብ መጣብኝ» እንላለን፤ ዝናብ መጣብኝ፣ እዳ መጣብኝ እንደምንለው። ሐሳብ የሚመጣ ነገር መሆኑን ቋንቋው ያውቃል። ችግሩ «ብኝ» ላይ ነው። ሌሊት ስትነቂ «ገንዘቡ ጎድሏል» አትበዪ። «‹ገንዘቡ ጎድሏል› የሚል ሐሳብ መጣ» በዪ። መጣ፣ በቃ። «መጣብኝ» አትበዪ፤ «ሄደልኝ»ም አትበዪ፤ ዘበኛዋ የተደበቀችው «ሄደልኝ» ውስጥ ነውና። ሕሙማኔ መጀመሪያ ይስቁብኛል፤ ቃል ብትለውጪ ምን ይፈይዳል ይላሉ። የሚፈይደው ስትሞክሪው ነው የሚገባሽ።

ሌላ አንድ የቆየ ዘዴ አለ፤ ኤድዋርድ ቲችነር የተባለ የሥነ ልቦና ሊቅ ከመቶ ዓመት በፊት የጻፈው ነው። የሚያስፈራሽን ቃል ጮክ ብለሽ በፍጥነት ለግማሽ ደቂቃ ያህል ደጋግሚው፦ ጎደለ ጎደለ ጎደለ ጎደለ። ትንሽ ቆይቶ ትርጉሙ ይረግፍና ደለጎ ይሁን ጎደለ የማይለይ ድምፅ ብቻ ይቀርሻል። ጎረቤት እንዳይሰማሽ ተጠንቀቂ።

ፎቶውን ግን ዛሬውኑ ተይው። ባየሽው ቁጥር ልብሽ ለጥቂት ደቂቃ ይረጋል፤ አእምሮሽ ደግሞ «መነሳት ነበረብን ማለት ነው» የሚል ትምህርት ይወስዳል። በነጋታው ስምንት ሰዓት ላይ ያንኑ ትምህርት ይዞ ይመጣል። ማጣራቱና ጭንቀቱ በቀን ከአንድ ሰዓት በላይ እየወሰደብሽ ከሆነ ደግሞ ይህ የጸባይ ነገር ሳይሆን ስም ያለው፣ በምክርም በመድኃኒትም የሚታከም ሕመም ሊሆን ይችላል። ቅርብሽ ወዳለ የአእምሮ ጤና ክፍል ሄደሽ ታዪ፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ሌሎቻችሁም ይህን የምታነቡ፣ ባለፉት ዓመታት በአካባቢያችን ብዙ ክፉ ነገር ያየን ሰዎች ነን። ዓይን ጨፍኖ መቀመጥ ለሁሉ አይሆንም፤ ያዩትን መልሶ የሚያመጣባቸው አሉ። እንዲህ የሚሆንባችሁ ዓይናችሁን ገልጣችሁ ሞክሩት፣ ወይም እየተራመዳችሁ፣ ወይም እጃችሁ ሥራ እየሠራ። ከባሰባችሁም አቁሙት፤ ግዴታ አይደለም።

የመስመር ሾፌር

ልጄ፣ ሲስተሯ ትምህርቱን ተናግራለች። እኔ የማውቀው መንገድ ብቻ ነው፤ ሁለተኛዋን ጥያቄሽን ግን ብዙ ዓመት ነድቼባታለሁ።

አይሱዙ ነው የምነዳው። ከደብረ ብርሃን ገብስና ድንች ጭኜ ወደ ሸዋ ሮቢት እወርዳለሁ፣ ከዚያ ሽንኩርት ይዤ እወጣለሁ። በ2005 ዓ.ም. ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና ስወርድ ፍሬኑ ጋለብኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ በከባድ ማርሽ መውረድ ሲገባኝ ቸኩዬ በፍሬን ብቻ ወረድኩ። የተቃጠለ ጎማ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ፣ ከዚያ ፔዳሉ እንደ ባዶ ጆንያ ወደ ታች ገባ። በግራ በኩል ያለው አፈር ላይ አስጠግቼ እየፋቅሁ ነው ያቆምኩት። ሰው አልሞተም። ረዳቴ ክንዱ ተሰበረ። ሠላሳ ኩንታል ያህል ድንች ገደል ገባ፤ ከታች ያሉት ሰዎች ሳምንት ሙሉ ሲለቅሙት ነበር ይባላል።

ከዚያ ወዲህ ከጣርማ በር ዋሻ በወጣሁ ቁጥር «ፍሬኑ አይዝም» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ያንቺው ወንድም ነው። እውነትም ነበር፤ አንድ ቀን አልያዘም። እና ምን አደረግሁ? በመጀመሪያው ዓመት በየኩርባው ፍሬን እየረገጥኩ አረጋግጥ ነበር። ይይዛል ወይ? ይይዛል። ቀጣዩ ኩርባ ላይስ? ይይዛል። ልብ ብለሽ እዪው፤ ፍሬን የሚያግለው ይህ ራሱ ነው። ማረጋገጤ ወደ ፈራሁት ነገር እየወሰደኝ ነበር። አንድ ሽማግሌ ሾፌር አብሮኝ ተሳፍሮ «አንተ ሰው፣ ልትገድለን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ፤ ያን ቀን ነው የነቃሁት።

አሁን እንዲህ አደርጋለሁ። ጠዋት ደብረ ብርሃን ሳልነሳ የፍሬኑን ዘይት አያለሁ፣ ጎማ ሥር ገብቼ በእጄ ዳብሼ አያለሁ፣ አንዴ ረግጬ እሞክራለሁ። አንዴ። ለእውነቱ የሚገባውን እዚያ ሰጥቼዋለሁ። ከዋሻው ስወጣ ሐሳቡ ሲመጣ «ሰምቻለሁ» እለዋለሁ፤ በሁለተኛ ማርሽ እወርዳለሁ። አንቺም ካዝናው ሳይቆለፍ ከባልደረባሽ ጋር ቆጥረሽ ፈርመሻል። እውነቱ ድርሻውን ወስዷል። ስምንት ሰዓት ላይ የሚመጣው ምን አዲስ ነገር ይዞ መጣ?

ስለ ደመናው ያልሽው አሳቀኝ። ጣርማ በር ላይ ጉም ሲወርድ የሞተርሽ አፍንጫ አይታይሽም። አዲስ ሾፌር እዚያ ሲደርስ ረጅም መብራት ያበራል፤ ጉሙን ሊቀድደው። ጉም በረጅም መብራት ነጭ ግድግዳ ይሆናል፤ ብርሃኑን መልሶ ዓይንሽ ላይ ይደፋዋል። መብራትሽን ዝቅ ታደርጊና የመንገዱን ጠርዝ ይዘሽ፣ መስኮትሽን ከፍተሽ፣ እየሰማሽ ትሄጃለሽ። ጉሙ እዚያው አለ። አንቺ ግን ደብረ ሲና ትገቢያለሽ።

ስንት ዓመት ሆነው፤ ሐሳቡ ዛሬም ይመጣል። አልሄደም። ይህን ሳልነግርሽ ብቀር ዋሸሁሽ ማለት ነው።

ገንዘብ ያዧ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አምስት ሳምንት ቆይቼ ነው የምመልሰው፤ ሞክሬ እንጂ እንዲሁ አመሰግናለሁ ብሎ መሄድ አልወደድኩም።

ሲስተር፣ ያሉኝን ክፍል ሄጄ ታየሁ። ስምም ሰጡኝ፣ ቀጠሮም ሰጡኝ። እርስዎ የጻፉልኝን ያህል ነው የተናገሩኝ፤ ፎቶውን ማጥፋት የመጀመሪያ የቤት ሥራዬ ሆነ። ማጥፋቱ አንድ ነገር ነው፤ በዚያ ሌሊት ስልኩን ሳልነካ መተኛቱ ሌላ። እጄን ትራስ ሥር አድርጌ፣ ጥርሴ እየተንገጫገጨ፣ «‹ጎድሏል› የሚል ሐሳብ መጣ» አልኩ። ሐሳቡ ምንም አልሰማኝም። ልቤም ዱብ ዱብ ማለቱን አልተወም። ሃያ ደቂቃ ይሁን አንድ ሰዓት አላውቅም፣ በመሃል እንቅልፍ ወሰደኝ። እንዴት እንደወሰደኝ ስላላየሁ ነው የወሰደኝ መሰለኝ።

«ጎደለ ጎደለ» የሚለውን ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ ሞከርኩት። የሁለት ዓመት ተኩል ልጄ መጥታ አብራኝ ማለት ጀመረች፤ አሁን ባገኘችው ሰው ሁሉ ፊት ትዘፍነዋለች። ማኅበሩ ግቢ እንዳታደርገው ነው የምፈራው።

ከሁሉ የጠቀመኝ ግን ካላሰብኩት ቦታ መጣ። ለገና መንዝ ሞላሌ እናቴ ዘንድ ሄጄ ነበር። እናቴ ለባና የሚሆን ጠጉር ትፈትላለች። ማታ እሳት ዳር ቁጭ ብዬ እጇን ሳይ አመሸሁ። በግራ እጇ ጠጉሩን ይዛ እየሳበች ትለቃለች፣ በቀኟ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ታሾረዋለች፤ እያወራች፣ እየሳቀች፣ ቡናውም እንዳይገነፍል እያየች። ክሩ ይበጠሳል። በጣም ብዙ ጊዜ ይበጠሳል፤ ሳስተውለው ገርሞኝ ነበር። ዝም ብላ ሁለቱን ጫፍ ታገናኝና በጣቷ ታሻሸዋለች፣ ትቀጥላለች። ወሬዋን እንኳ አታቋርጥም። «እማዬ፣ ስንት ጊዜ ተበጠሰብሽ?» አልኳት። «ምኑ?» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ጠዋት ስቀመጥ ሐሳቡ መምጣት አለመምጣቱን ትቼ፣ ክሩ ሲበጠስ ወደ ትንፋሼ መመለሱን ብቻ ነው የምሠራው። ሁልጊዜ አይሳካም። ባለፈው ሐሙስ ሦስት ጊዜ ተነስቼ አንዴ ቦርሳዬን ከፍቻለሁ፤ ቦርሳዬ ውስጥ ምን እንደምፈልግ ለራሴም አልገባኝም።

ጋሼ፣ የእርስዎን ነገር ሥራ ላይ ነው የተጠቀምኩበት። ማታ ካዝናው ሲቆለፍ ከባልደረባዬ ጋር አንዴ ቆጥረን እንፈርማለን፤ ቁልፉን ሳዞር «ድርሻህን ወስደሃል» እላለሁ። ባልደረባዬ ለካዝናው የምጸልይ መስሏታል።

አንድ ጥያቄ ቀረችኝ፣ ሲስተር። ሳልነሳ ያደርኩባቸውን ሌሊቶች በደብተር ላይ ምልክት ማድረግ ጀምሬአለሁ። እስከ ትናንት አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ዛሬ ጠዋት ደብተሩን ሁለት ጊዜ ቆጠርኩት፤ በመጀመሪያው አሥራ ስምንት መጥቶብኝ ነው። ይህም ዘበኝነት ነው እንዴ?

የመሐል ሜዳ ነርስ

ነው። ደብተሩን ለልጅሽ ስጫት፤ ትሣልበት።

የመስመር ሾፌር

አሥራ ስምንት ይሁን አሥራ ዘጠኝ ግን ማወቅ ፈለግሁ።